ላይካና የተቆለፈው መኪና

ሶቪየት ኅብረት ላይካ የምትባለውን የሞስኮ የጎዳና ውሻ በስፑትኒክ 2 አሳፍራ ወደ ጠፈር የሰደደቻት በኖቬምበር 1957 እ.ኤ.አ. ነበር። መመለሻ እንኳ አልተሰናዳላትም። «ቀናት ኖራ ሞተች» ሲባል ከርሞ፣ በ2002 እውነቱ ወጣ፤ ለካስ የሞተችው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በሙቀትና በድንጋጤ ኖሯል። ከሥራው ሰዎች አንዱ ኦሌግ ጋዜንኮ ቀደም ብለው በ1998 መጸጸታቸውን ተናግረው ነበር።

ታዲያ ሙቀት የሚገድለው ጠፈር ላይ ብቻ አይደለም። ፀሐይ ላይ በቆመ፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊጨምር ይችላል። ውሻ ደግሞ እንደኛ ገላውን አያልበውም፤ የሚበርድለት በማለክለክ ነው። እኛ «መጣሁ» ብለን ወርደን ወሬ እንይዛለን። ላይካን የላኳት ሰዎች በሩን የሚከፍቱበት መንገድ አልነበራቸውም፤ የኛ ቁልፍ ግን ኪሳችን ውስጥ ነው።