ከነፍስ ጋር መተሳሰብ፦ የቀልብ ሰላም መንገድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ሶላቱን እየሰገደ፣ ጾሙን እየጾመ ቀልቡ ግን አልረጋ የሚለው ሰው በየቤቱ አለ። «ዚክር አበዛለሁ፤ ጭንቀቴ ግን አልለቀቀኝም» ይላል። ለዚህ ሰው ቀደምት ዓሊሞቻችን ምን መልስ አላቸው? ዛሬ ከታሪክ እንመለከታለን ኢንሻአላህ።

ቁርኣን በሱረቱ ረዕድ ቀልብ የሚረጋው አላህን በማውሳት መሆኑን ያስተምረናል። በሱረቱል ሐሽር ደግሞ እያንዳንዷ ነፍስ ለነገ ያስቀደመችውን እንድትመለከት ታዛለች። ሁለቱ አይነጣጠሉም። ያለ ምርመራ የሚደረግ ዚክር የምላስ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ሳይወርድላቸው በሒራ ዋሻ ለብቻቸው ይገለሉ ነበር። ወሕይ ሲመጣ ግን ወደ ሰው ወርደው አስተማሩ፤ የተበደለን አገዙ፤ ሕዝብን መሩ። በ857 (እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ላይ ያረፉት ሓሪስ «አል-ሙሓሲቢ» የተባሉትም ከነፍሳቸው ጋር ዘወትር በመተሳሰባቸው ነው።

ኢማም አል-ገዛሊን እናስታውስ። በባግዳድ የታላቁ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሳሉ ራሳቸውን መረመሩ። የሚያስተምሩት ለአላህ ብቻ ሳይሆን ለዝናም ጭምር መሆኑን አዩ። አንደበታቸው ተያዘ፤ ማስተማር አቃታቸው። በ1095 (እ.ኤ.አ.) ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀርተው ንብረታቸውን ሰጡና ወጡ። በደማስቆ መስጂድ ኸልዋ ገቡ። ነገር ግን እዚያው አልቀሩም። በ1106 (እ.ኤ.አ.) ወደ ማስተማር ተመለሱ። ኸልዋቸው መመለሻ ነበረው ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የበሽሎ ሸለቆ ማዶው ወሎ ነው፤ ሩቅ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማገባደጃ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ አስተማሩ። በ1863 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ሐጅ ቡሽራ በጌታ፣ በ1903 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ሸኽ አሕመድ በዳና ተተኩ። አላህ ይዘንላቸው። በእነዚህ ሐሪማዎች ደረሳው ፊቅሁን ከተሰዉፍ ጋር ይቀራ ነበር። ሐላልና ሐራሙን ሳያውቅ ነፍሱን በምን ሚዛን ይመዝናል?

መከራም መጣ። በ1878 (እ.ኤ.አ.) በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ሸኽ ጠልሐ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። እኚህ ዓሊም በዓረብኛ ፊደል የአማርኛ መንዙማ የጻፉ ናቸው። ዓረብኛ የማያውቀው ገበሬና የቤት እመቤት በገዛ ቋንቋቸው ጌታቸውን እንዲያወሱ፣ ነፍሳቸውን እንዲወቅሱ መንዙማ ትልቅ በር ከፍቷል። የቀልብ ሰው ከሕዝቡ ጉዳይ እንደማይሸሽ ከሸኽ ጠልሐ እንማራለን።

ዛሬ ስለ መውሊድ፣ ስለ ሐድራና ስለ ወዳጃ በዓሊሞች መካከል ያለው ልዩነት የታወቀ ነው። ከነፍስ ጋር በመተሳሰብ ላይ ግን ማን ይከራከራል? በእርሱ ላይ እንኳ አንድ እንሁን።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ሞባይሉን እናስቀምጥና ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን እንቀመጥ። ከነጋ ምን ተናገርን? ማንን አስቀየምን? የማን ሐቅ በእጃችን አለ? የእህቱን የውርስ ድርሻ ይዞ፣ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ሺህ ጊዜ ተስቢሕ ቢቆጥር ቀልቡ እንዴት ይረጋል? ጭንቀቱ ራሱ «ሐቁን መልስ» እያለው ይሆናል። የአላህን ሐቅ በተውባ እናስተካክል፤ የሰውን ሐቅ ግን ለባለቤቱ እንመልስ፤ ዐፍውም እንጠይቅ። የታመመ ወደ ሐኪምም ይሂድ፤ መታከም ሱና ነው።

አላህ ሳንተሳሰብ ከመተሳሰብ ቀን ከመድረስ ይጠብቀን። ቀልባችንን በዚክሩ ያርጋልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።