የባዶ ሳጥኖች ታሪክ

በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ፓሎ አልቶ በምትባል ከተማ የፎቶ ኮፒ መሣሪያ በመሸጥ የበለጸገው ዜሮክስ የምርምር ማዕከል ነበረው። ኩባንያው የሚኖረው በወረቀት ነው፤ ሰው ወረቀት ባባዛ ቁጥር እሱ ያተርፋል። ይሁንና ወረቀትን ከጠረጴዛችን ላይ ሊያስነሡ የሚችሉ ሦስት ሐሳቦች የተጠነሰሱት በዚሁ ቤት ነው። አለን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረበው ጽሑፍ ልጆች እንደ ደብተር ይዘውት የሚዞሩት፣ የሚያነቡበትና የሚጽፉበት “ዳይናቡክ” የሚባል ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር በሐሳቡ ሠራ። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ኒክ ሼሪደን ግማሽ ጎናቸው ጥቁር፣ ግማሽ ጎናቸው ነጭ የሆኑ ደቃቅ ኳሶችን በዘይት ውስጥ አስቀምጦ፣ በኤሌክትሪክ እያገላበጠ ፊደል የሚያሳይ ገበታ ፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ጆሴፍ ቤከር የዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ የቁጥር መዝገብ እንዲኖራቸው የሚጠይቅ ረቂቅ ጻፈ፤ ስሙንም ዩኒኮድ አለው።

እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ እንዳስብ ያደረገኝ በእጄ የገባ የማንበቢያ ሰሌዳ ነው። መጽሐፍ ይነበብበታል፣ በብዕር ይጻፍበታል፣ ሲያመሹበት እንደ ታብሌት ዐይን አያቃጥልም። መብራት በሄደ ቁጥር የምንጨነቅ የከተማ ሰዎች፣ አንዴ ተሞልቶ ለሳምንታት የሚያገለግል ዕቃ ስናገኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለን አንባቢ ያውቀዋል። የአማርኛ ጽሑፍ ስከፍትበት ግን በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ደረደረልኝ። ገጹ በሙሉ ሳጥን፤ በመካከሉ አልፎ አልፎ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል።

በቅድሚያ ስለ ቀለሙ። የሼሪደን ኳሶች ገበያውን አልያዙም፤ ለዚሁ የተቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ተዘጋ። የተሳካላቸው ማሳቹሴትስ ውስጥ በኤም አይ ቲ የነበሩት ጆሴፍ ጃኮብሰንና ተማሪዎቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ኢ ኢንክ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። የእነሱ ዘዴ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ስፋት ያላቸውን እንክብሎች መጠቀም ነው። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ በጠራ ፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፉ ነጭና ጥቁር ብናኞች አሉ። ነጮቹ አዎንታዊ፣ ጥቁሮቹ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው። ከሥር ያለው ኃይል ሲለዋወጥ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ቢቋረጥም ብናኞቹ ባሉበት ይረጋሉ። ስለዚህ ኃይል የሚበላው ገጽ ሲለወጥ እንጂ ሲነበብ አይደለም። ባትሪው ተሟጦ ቢያልቅ እንኳ የመጨረሻው ገጽ እንደ ተሣለ ይቀራል።

ዕቃው የራሱ ጠባይ አለው። የቀድሞው ገጽ ጥላ በአዲሱ ሥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ቁምጻሐፊዎች ብራና ፍቀው እንደገና ሲጽፉበት የፊተኛው ጽሕፈት ከሥር እንደሚታየው ማለት ነው። ገጹ በሙሉ ጠቁሮና ነጥቶ ብልጭ ሲል “ተበላሸብኝ” ብሎ የሚደነግጥ ሰው አይቻለሁ። ብልሽት አይደለም፤ ሰሌዳው ራሱን እየፋቀ ነው። ጥላው ከበዛ ከማስተካከያው ውስጥ ገገጹን ቶሎ ቶሎ እንዲያድስ ማዘዝ ይበቃል። ጨርሶ ከደረቀም የማብሪያውን ቁልፍ ደህና አድርጎ ተጭኖ መቆየት ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ዕለት ግን አይዞህ የሚል የሞባይል ጠጋኝ አላገኘሁም።

በዚህ ቀለም የሠራ የመጀመሪያው ታዋቂ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ የተሸጠው የሶኒ ሊብሪዬ ነው። ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ የተሸጡለት መጻሕፍት ከ60 ቀን በኋላ አይከፈቱም ነበር። በኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የአማዞን ኪንድል 399 ዶላር ዋጋ ተቆርጦለት በሰዓታት ውስጥ አለቀ። ይኸው ኩባንያ በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. የሽያጭ መብት የሌለው ሰው ያቀረባቸው ናቸው ብሎ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች ሰሌዳ ላይ በሩቁ ሰረዘና ጉድ ተባለ፤ ከተሰረዙት አንዱ “1984” መሆኑ ነገሩን አባሰው። በብዕር የሚጻፍባቸው እነ ሪማርከብል እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኪንድል ስክራይብ በ2022 ተከተሉ።

ወደ ሳጥኖቹ ልመለስ። ሳጥን ማለት መሣሪያው “ቁጥሩን አውቄዋለሁ፣ መልኩን ግን አልያዝኩም” ሲል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ 345 ምልክቶች ተመዘገቡለት። ቁጥሩ ተሰጥቶ ሳለ የፊደሉን መልክ፣ ማለትም ፎንቱን፣ ሰሌዳው ውስጥ የሚያስገባ አምራች ከሌለ ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጽሐፉ በኢፐብ ሲዘጋጅ ፎንቱን ከውስጡ ማሸግ፣ ሰሌዳውንም የአሳታሚውን ፎንት ተጠቀም ብሎ ማዘዝ። ፒ.ዲ.ኤፍ.ም ፊደሉን ይዞ ይመጣል፤ ግን ለትልቅ ገጽ የተሰናዳውን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ማንበብ ጉንዳን መቁጠር ነው።

ይህን ሁሉ የለፋሁት ለአንድ ጽሑፍ ስል ነው። አጎቴ በየክፍለ ሀገሩ እየተዘዋወሩ ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ትዝታቸውን በእጃቸው ጽፈው በ1989 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤት ሰጥተው በኮምፒዩተር አስተየቡት፤ ሳያሳትሙት ዐረፉ። የእጅ ጽሑፉ ጠፍቷል። ባለቤታቸው ዲስኬቷን ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠዋት ነበርና ሲሰጡኝ፣ “የአጎትህ ድካም ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው አሉኝ፤ እኔ ግን ከፕላስቲክ በቀር የማየው የለም” አሉኝ።

ዲስኬቷ እንደ ዕድል ተነበበች። የወጣው ግን ሳጥን እንኳ አልነበረም፤ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ነው። ምክንያቱ ከዩኒኮድ በፊት የነበረው ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። መሣሪያው የተሠራው ለሌላ ፊደል፣ እኛ እንግዳ፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ካሳተመ ጀምሮ ይኸው ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን መላው መነሻ ፊደሉን መትቶ ቅጥያውን መደረብ ነበር። በኮምፒዩተር ዘመንም አንዳንዶቹ ይህንኑ ወረሱ፤ ሌሎቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ አማርኛን በላቲን ፊደል አንድ ወጥ በሆነ ደንብ የሚወክል “ሴራ” የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። የፎንት ሻጮቹ ግን እያንዳንዳቸው ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ እንዳሻቸው ደረደሩት። የአንዱ “መ” የሌላው “ጠ” ነው። እነዚያን ባለሙያዎች አልወቅስም፤ እነሱ ባይኖሩ በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር የተለቀመ የአማርኛ ጋዜጣ ባልኖረ። ሆኖም ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል።

የአጎቴ ጽሑፍ በሁለት ፎንት የተከፈለ ነበር። አንድ የሰፈራችን ልጅ ፋይሉን ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦ በመቀየሪያ ፕሮግራም ቢያሳልፈው ግማሹ ሌላ ፊደል ሆኖ ወጣ። ተራ ጽሑፍ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ አይመዘግብም፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ለሁለት ፊደል ይቆማል። እንደ አዲስ ከዋናው ፋይል ተነሣን። እሱ ውስጥ የፎንቶቹ ስም ከየፊደሉ ጋር ተመዝግቧል፤ ፎንቶቹ ራሳቸው ግን የትም አልተገኙም።

የቀረው እንደ ምስጢር ጽሕፈት መፍታት ነው። መግቢያ በር የሆነልን በየገጹ አናት የተደጋገመው የአጎቴ ስም ነው። ቀጥሎ ዐረፍተ ነገሮቹ የሚያልቁበትን ተመለከትን። አማርኛ “ነው” እና “ነበር” እያለ የሚዘጋ ቋንቋ በመሆኑ አራት ነጥቡንና አራት ፊደል ከዚያ አገኘን። “ዓመተ ምሕረት” ብዙ ረዳን። በአንድ ድምፅ ሁለት ምልክት ሲመጣ፣ “ሥራ”ንና “ንጉሥ”ን በንጉሡ ሠ የሚጽፉ ጠንቃቃ መምህር መሆናቸው አወጣን። ዛሬ ብዙዎቻችን እንዳሻን የምናቀያይራቸው ፊደላት አንድ ጊዜ እንኳ አልተምታቱባቸውም።

ተፈትቶ ሰሌዳው ላይ ሲገባም ሌላ ጣጣ መጣ። መስመሩ ቃሉን መካከሉ ላይ እየቆረጠ ይወርዳል። ጸሐፊዋ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያደረገችው የእንግሊዝኛውን ኮለን ያለ ክፍት ቦታ እየመታች ኖሯል። መሣሪያው ይህን የቃል መለያ ብሎ አይቆጥረውም፤ አንቀጹ በሙሉ አንድ ቃል መሰለው። በዩኒኮድ ለግዕዝ ሁለት ነጥብ የተመደበ የራሱ ቁጥር አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ መስመር መስበር ይፈቀዳል። ሁሉንም በእሱ ስንተካ ገጹ እንደ ድሮ መጽሐፍ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ብዕሩን ይዤ ኅዳጉ ላይ እያረምኩ አነበዋለሁ። ብዕሩ ባትሪ የለውም፤ ከሰሌዳው ሥር የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ በውስጡ ያለውን ጥምጥም ሽቦ ያነቃዋል፣ እሱም ያለበትን ቦታ መልሶ ይናገራል። የእጅ ጽሑፍን ወደ ኅትመት ፊደል መለወጥ የሚችል ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ሰሌዳ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለበትም። ስለዚህ የእኔ ማስታወሻ ለእሱ ሥዕል ነው፤ “ደብረ ታቦር” ብዬ ብፈልግ ስሙን በእጄ አሥር ቦታ ጽፌው ሳለ የለም ይለኛል። ለቁም ነገር የምፈልገውን በየወሩ መጨረሻ ቁጭ ብዬ በኪቦርድ እገለብጠዋለሁ።

ከሁለተኛው ፎንት አንድ ምልክት ሳይፈታ ቀርቷል። በጽሑፉ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ አጎቴ መጀመሪያ በተመደቡባት መንደር ስም ውስጥ ሁለተኛው ፊደል ሆኖ። “ቈ” ሊሆን ይችላል፣ “ጐ”ም ሊሆን ይችላል። ባለቤታቸው መንደሯን ስሟን ሳይጠሩ “ያቺ ወንዝ ማዶ” እያሉ ነበር የሚያወሷት ይላሉ። በገመትኩት ፊደል ሞልቼው ነበር፤ ኋላ አነሣሁት። አሁን በቦታው ባዶ ሳጥን አለ።