የመኖሪያ ቤት የማገዶ ምድጃና የጭስ ማውጫ ደንብ

የመኖሪያ ቤት የማገዶ ምድጃ ደንብ ማለት እንጨት የሚነድበት ምድጃና የጭስ ማውጫው ከምን እንደሚሠራ፣ ከሚቃጠል ነገር ምን ያህል መራቅ እንዳለበትና ጭሱ በምን መንገድ እንደሚወጣ የሚወስን የግንባታ ሕግ ነው። ዓላማው ሁለት ነው፦ ቤቱን ከቃጠሎ፣ ነዋሪውንም ከጭስ መጠበቅ።

ምድጃ በሐይቅና በአምባሰል

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ በተሁለደሬ ወረዳ ትገኛለች። አጎራባቹ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ደግሞ ውጫሌ ነው። በአካባቢው፣ እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገጠር፣ የተለመደው ምድጃ ሦስት ጉልቻ ነው። ማገዶው ባሕር ዛፍ፣ ጭራሮ፣ ኩበትና የማሽላ አገዳ ነው። ጉልቻ የቤት ሁሉ መሠረት ተደርጎ ስለሚታይ፣ «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ሲባል ትዳር ያዘ ማለት ነው።

በሳር ክዳን ጎጆ ውስጥ የጭስ ማውጫ አይሠራም ነበር። ጭሱ በሳሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ ሲወጣም ሳሩን ያደርቃል፣ ከነፍሳትም ይጠብቃል። ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ ይህ መንገድ ይዘጋል። ቆርቆሮ እሳት ባይዝም ጭስ አያሳልፍም፤ ከሥሩ ያለው የባሕር ዛፍ ማገርና የጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የጭስ ማውጫ ያስፈልገዋል፤ ያለበለዚያም ማድ ቤቱ ከመኝታ ቤት ተነጥሎ መሠራት አለበት።

በኢትዮጵያ ሕግ

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 243/2003 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በሚል በሦስት ምድብ ይከፍላሉ። ተራ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው በምድብ «ሀ» ውስጥ ይወድቃል። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ፕላን ለከተማው የሕንፃ ሹም ቀርቦ ፈቃድ ይወሰድበታል። አዋጁ ስለ እሳት መከላከልና ስለ አየር ዝውውር በጠቅላላው ያዛል እንጂ ለማገዶ ምድጃ የተለየ ልኬት አይዘረዝርም። በዋናነት የወጣውም ለከተሞች ስለሆነ፣ በገጠር ቀበሌ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ጥንቃቄው በሠሪውና በባለቤቱ ልምድ ላይ ይመሠረታል።

የሌሎች አገሮች ልኬቶች

በ1666 እ.ኤ.አ. ለንደንን ያጋየው እሳት ከአንድ ዳቦ ቤት ተነሣ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ። ዛሬ በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት «ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት ኮድ» ከድንጋይ ወይም ከጡብ ለሚገነባ ምድጃ የሚከተሉትን ይጠይቃል፦

• የምድጃው ወለል ውፍረት ቢያንስ 10 ሴ.ሜ. ይሆናል።
• የማይቃጠለው ወለል ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት 41 ሴ.ሜ.፣ በግራና በቀኝ 20 ሴ.ሜ. ይዘረጋል፤ ሰፊ አፍ ላለው ምድጃ 51 እና 30 ሴ.ሜ. ይሆናል።
• እንጨትና ሌላ ተቀጣጣይ ነገር ከምድጃው ጀርባ 10 ሴ.ሜ.፣ ከጎኑ 5 ሴ.ሜ. ይርቃል።
• የጭስ ማውጫው ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 91 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም የጣሪያ ክፍልም በ61 ሴ.ሜ. ይበልጣል።

የመጨረሻው ደንብ ምክንያት ነፋስ ነው። ሞቃት ጭስ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሳባል፤ ማውጫው ከጣሪያው ጫፍ ዝቅ ካለ ግን ነፋሱ ጭሱን ወደ ቤት መልሶ ይገፋዋል። በማውጫው ውስጥ የሚጋገር ጥቀርሻም ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል በየጊዜው ይጠረጋል።

የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋበት ቦታ ኮዱ የድንጋይ ጭስ ማውጫ በብረት እንዲጠናከር ያዛል። ይህ ለወሎም የራቀ ጉዳይ አይደለም፤ አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል።

ጭስና ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሞተዋል። ይበልጥ የሚጎዱት ምድጃ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ጭስ የማይታይበት የከሰል ፍምም አደገኛ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲያድር ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይከማቻል፣ የተኛውንም ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

የተሻሻሉ ምድጃዎች

በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ የተሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይዘጋጃል። ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከልል ሙቀቱ አይባክንም፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ነበልባሉ የተከለለ በመሆኑም የቃጠሎ አደጋ ይቀንሳል። ሆኖም የጭስ ማውጫ ካልተገጠመለት ጭሱ በማድ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ የመስኮትና የማውጫ አስፈላጊነት በምድጃው መሻሻል አይቀርም።