ሙያ ለማን? የኑሮና የገንዘብ ዕውቀት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታሪክ



«ትምህርት ቤቶቻችን ለፈተና እንጂ ለኑሮ አያዘጋጁም» የሚለው ወቀሳ በየዘመኑ ይሰማል። የሚቀርበውም መፍትሔ ተመሳሳይ ነው፤ ሙያ፣ የቤት አያያዝና የገንዘብ አጠቃቀም ይሰጥ ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን ይህ ትምህርት ደጋግሞ ተጀምሮ ስለ ምን ሥር ሳይሰድ ቀረ የሚል ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዐቢይ ዓላማው የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ የመንግሥት ሠራተኞችን ማፍራት ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርት የሹመትና የደመወዝ በር ሆነ። ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባው ከእርፍና ከሸማ ጉድጓድ እንዲያወጣለት እንጂ እዚያው እንዲያጸናለት አልነበረም።

በ1950ዎቹ ኮምፕሬሄንሲቭ የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን የእጅ ሥራ፣ የእርሻ፣ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት ይሰጡ ጀመር። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲን በር የሚከፍተው የቀለም ፈተና ስለ ነበር፣ ሙያ በተማሪውም በወላጁም ዐይን ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ ጎልቶ የወጣው በ1966 ዓ.ም. ነው። «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የሚታወቀው የትምህርት ጥናት ለአብዛኛው ሕፃን በአካባቢው ኑሮ ላይ ያተኮረ የአራት ዓመት ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ግን ለጥቂቶች እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። መምህራን የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ተማሪዎችና ወላጆች ተቃወሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ይህን ተቃውሞ ከሙያ ንቀት ብቻ የመነጨ አድርጎ መተርጐም ተገቢ አይመስለኝም። የድኻ ወላጅ የተረዳው አንድ ነገር ነው፤ የባለጸጋ ልጅ መሰላሉን ሲወጣ የእኔ ልጅ ከታች ይቀራል የሚል ነው።

በ1990ዎቹም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በ10ኛ ክፍል ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ ተላከ። የሥልጠናው ይዘት የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ የወደቁት መሄጃ ተደርጎ የተሰጠ ሙያ ክብር ሊያገኝ አይችልም።

ሕዝቡ ግን የገንዘብ ዕውቀት አጥቶ አያውቅም። ዕቁብን እንመልከት። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ይከፍላል። ቁጠባ፣ ብድር፣ ዋስትናና መዝገብ አያያዝ በአንድነት የሚገኙበት ተቋም ነው። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ስለ ባንክ ሲያስተምር፣ ተማሪው ከእናቱ ጓዳ የሚያውቀውን ይህን ሥርዓት እንደ ዕውቀት ሲቈጥረው እምብዛም አይታይም።

በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርት እንደገና ቦታ አግኝቷል። ታሪኩ የሚያስተምረን ግን ይዘቱን ከመመዘናችን አስቀድሞ ለማን እንደ ተመደበ መጠየቅን ነው። የኑሮ ትምህርት የሐኪም ለመሆን ለሚመኘውም፣ ነጋዴ ለሚሆነውም፣ ለሴቱም ለወንዱም እኩል ከተሰጠ ዕውቀት ይሆናል። ለድኻው ልጅ ብቻ በቀለም ትምህርት ምትክ ከተሰጠ ግን፣ ወላጆች በ1966 ዓ.ም. እንዳደረጉት ሁሉ ዛሬም በሩ እንደ ተዘጋባቸው ይቈጥሩታል፤ እንዲያ ቢያስቡም አይፈረድባቸውም።