ሚዲ ኪቦርድ

ሚዲ ኪቦርድ ፒያኖ የሚመስል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በራሱ ድምፅ የማያወጣ መሣሪያ ነው። ቁልፉ ሲነካ የኖታውን ቁጥር (ከ0 እስከ 127) እና የምቱን ኃይል ይልካል፤ ድምፁን የሚፈጥረው ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ የሲንተሳይዘር ሶፍትዌር ነው። ሚዲ የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አልበሙ ከአኮርዲዮን ጋር ያጣመረውን ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚመስል ሶፍትዌር፣ ዴክስድ፣ ዛሬ በነፃ ይገኛል።

ትዝታ ሜጀር ከ60 ሲነሣ 60፣ 62፣ 64፣ 67 እና 69 ይሆናል። አስቸጋሪው የማሲንቆ ድምፅ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል። ፒች ቤንድ የተባለው ጎማ በቻናሉ ያሉትን ኖታዎች ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያንሸራትት ለነጠላ ዜማ እንጂ በአንድ ጊዜ ብዙ ክር ለሚመታበት ክራር አይመችም። የሚሻለው ቅኝቱን ሶፍትዌሩ ላይ ማስተካከል ነው፤ ዴክስድም ይህን ይፈቅዳል።