ፊደል ወደ ዩኒክስ አገር የገባበት ዜና መዋዕል

ዓለም በተፈጠረ በ7476 ዓመት፣ በ1976 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 16 ቀን፣ ዕለቱም ማክሰኞ ነበር። በየካ ሚካኤልና በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ሰው ችቦ አስሮ ደመራ የሚለኮስበትን ሰዓት ሲጠብቅ፣ ከባሕር ማዶ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል የኮምፒውተር ሊቅ አዋጅ አስነገረ። የአዋጁም ቃል ዩኒክስን የሚመስል፣ ነገር ግን ማንም ሊያየው፣ ሊቀዳው፣ ሊለውጠውና ለጎረቤቱ ሊሰጠው የሚችል ሥርዓት እሠራለሁ የሚል ነበር። ስሙንም ጂኤንዩ አለው፤ ሲፈታ «ጂኤንዩ ዩኒክስ አይደለም» ማለት ነው። ዩኒክስ በ1969 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ቤተ ሙከራ የጀመሩት ሥርዓት ሲሆን፣ ባለቤቱ ግን ትልቅ የስልክ ኩባንያ ነበር። በዚያ ምሽት አዋጁን በየካ የሰማ የለም። በየካ የሚታየው የችቦው ጭስ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስቶልማንና ተከታዮቹ ኢማክስ የተባለውን መጻፊያ፣ ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለርና ሌሎችንም መሣሪያዎች አንድ በአንድ ሠሩ። የጎደላቸው ልብ ነበረ፤ በሙያው ቋንቋ ከርነል የሚሉት።

በ1983 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ግንቦት 20 ቀን በአዲስ አበባ መንግሥት ተለወጠ። ይህንን ሌሎች ጽፈውታልና አንደግመውም። በሦስተኛው ወር፣ ነሐሴ 19 ቀን እሁድ፣ የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ገና ሳምንት ሳይሞላ፣ በፊንላንድ በሄልሲንኪ የሚማር ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ጎረምሳ ለጨዋታ ያህል አንድ ሥርዓት እየሠራሁ ነው፣ እንደ ጂኤንዩ ትልቅ አይሆንም ብሎ አስታወቀ። ትሑት ሰው ነበር፣ ወይም ነገሩ አልታየውም። ያ ሥራ ሊኑክስ ተባለ፤ የጎደለውም ልብ ተገኘ።

በ1985 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ነሐሴ 10 ቀን ሰኞ፣ ምእመናን ፍልሰታን ሲጾሙ፣ ኢያን መርዶክ የተባለ ወጣት እነዚህን ሁሉ በአንድ ጎተራ የሚሰበስብ ሥራ ጀመረ። ዴብራ ከምትባለው ወዳጁና ከራሱ ስም አገናኝቶ ዴቢያን አለው። ስሙን መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ የደብር ስም መስሎኝ ነበር፤ ከነጎተራውና ከነሥርዓቱ ሳየው ብዙም አልተሳሳትሁም።

የዴቢያን ሰዎች ፓኬጅ የሚሉት ነገር ፕሮግራሙን፣ የአጠቃቀሙን ጽሑፍና አብረውት መኖር ያለባቸውን የሌሎች ፓኬጆች ስም ይዞ የሚመጣ ጥቅል ነው። እንደ ጥንት ደጃዝማች ብቻውን አይንቀሳቀስም። አንዱን ጥራ ብለህ ስታዝዘው ጋሻ ጃግሬውን፣ በቅሎ ጫኙንና ጠጅ አሳላፊውን ሁሉ አስከትሎ ይሰፍራል። ይህንን የሚያስተናግደው አጋፋሪ አፕት ይባላል። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ 3 ቀን የዴቢያን 12ኛ እትም ሲወጣ በጎተራው ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩበት፤ አንዱም በገንዘብ አይሸጥም።

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ።

በእኛ አገር ኮምፒውተር መስፋፋት በጀመረበት ወራት አማርኛ የሚጽፍ ሶፍትዌር ሁሉ የየራሱ የቁጥር ሠንጠረዥ ነበረው። አንዱ ቤት «ሀ»ን በአንድ ቁጥር ሲያስቀምጥ ሌላው በዚያው ቁጥር «ጨ»ን ያስቀምጥ ነበር። በመገናኛ ተጽፎ የሄደ ደብዳቤ ፒያሳ ሲከፈት የመስቀልና የኮከብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የዚያን ጊዜ ጸሐፊ ደብዳቤውን ከነፎንቱ በፍሎፒ ዲስክ ይልክ ነበር። ዛሬ ይህን ለልጆች ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

በዚህ መካከል በባሕር ማዶ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ፣ ፊደላችን በላቲን ሆሄ እንዴት ሳይዛባ እንደሚጻፍና እንደገና ወደ ፊደል እንደሚመለስ ሥርዓት አበጁ። ስሙ ሴራ ነው፤ አማርኛ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ደንገጥ ቢልም ክፋት የለበትም። ዛሬ በላቲን ሆሄ እየነካካን አማርኛ የምንጽፍባቸው ብዙ ኪቦርዶች ዘራቸው ከዚያ ይመዘዛል።

በጃፓንም በጹኩባ ከተማ፣ በኤሌክትሮቴክኒካል ቤተ ሙከራ፣ ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ሰው የግዕዝን ፊደል ለኢማክስ አስተማረው። በመስከረም 1990 ዓ.ም. የኢማክስ 20ኛ እትም ሲወጣ የእኛ ፊደል ውስጡ ነበር። ይህ ልብ ይባል፤ የዓለም ፊደላት ሁሉ መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ ግዕዝን የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። 1991 ተሸኝቶ 1992 በሚገባበት ሰሞን በወጣው 3ኛ እትሙ 345 ሆሄያትንና ምልክቶችን መዘገበ። ስለዚህ ፊደል ወደ ነጻው ሶፍትዌር አገር የገባው በዋናው በር ሳይሆን በጃፓን ጓሮ በኩል ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በኢማክስ ውስጥ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተሰበሰበበት ገጽ አለ። በአማርኛው ተራ «ሠላም» ተብሎ በንጉሡ «ሠ» ተጽፏል። መዝገበ ቃላት አዋቂዎቹ በእሳቱ «ሰ» ነው የሚሉት። እዚህ አገር ቢሆን በዚህ ጉዳይ ሁለት ማኅበር ተቋቁሞ ይጣላ ነበር።

ከዚህም በኋላ ዳንኤል ያዕቆብ ያለበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአገራችንንና የጎረቤቶቻችንን ቋንቋዎች ወደ ጂኤንዩ ሥርዓት ሥር አስገባ። የእያንዳንዱ አገር ሰው ቀኑን፣ ወሩን፣ የፊደሉን ተራ እንዴት እንደሚጽፍ የሚያስታውስ ሎካል የሚባል መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ትግረ፣ ብሊንና ወላይትኛ አሉ፤ ግዕዝም አለ። ግዕዝ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሀለሐመ የሚደረድር፣ ሌላው በአበገደ።

ይህን በዓይናችን ያየንበት ዕለት በ2016 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ኅዳር 11 ቀን ማክሰኞ ነው። በማግሥቱ ሚካኤል ነውና ሰፈሩ የኅዳርን ቆሻሻ ጠርጎ ለማጠን በየደጃፉ ከምሮ ነበር። አንድ አዛውንት መሪጌታ የማኅበራቸውን ስም ዝርዝር በደብተር ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። «በፊደል ተራ አድርገህ አውጣልኝ፤ ነገ ይነበባል» አሉኝ።

ዴቢያን የጫንኩበት አሮጌ ላፕቶፕ አለችኝ። አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት በአፕት ጠራሁት፤ የብራና አጻጻፍ የሚመስል ቅርጽ ያለው ነው። የኔታ ስክሪኑን ቀርበው አይተው «ይኼ ብርዕ አለው» አሉ። ስሞቹን ከጻፍኩ በኋላ መጀመሪያ በሀለሐመ ደረደርኳቸው፤ ሀብታሙ ከላይ፣ ለማ ቀጥሎ ሆነ። ከዚያ በአበገደ ደገምኩት። አበበ ፊት ወጣ፣ በላይና ገብሬ ተከተሉት፣ ደስታ ቀጠለ፣ ሀብታሙ አምስተኛ ሆነ፣ ለማ ወደ መኻል ወረደ። የኔታ ዝም ብለው አዩ። አበገደ አባ ሰላማ ሳይለውጡት በፊት የነበረው ተራ ነው ይባላል፤ ይህን ለእኔ ከዓመታት በፊት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ይኼን ማን ነገረው?» አሉ ቀስ ብለው። «ፊደላችንን የሚወዱ ሰዎች፣ የኔታ» አልኩ።

ዝርዝሩ በአበገደ ይሁን አሉ። ከራስጌው ቀን እንዲጻፍበት ማሽኑን በግዕዝ ጠየቅሁት። ዕለቱን ሠሉስ፣ ወሩን ኀደረ፣ ቀኑን 21፣ ዓመቱን 2023 ብሎ አወጣ።

የኔታ መጀመሪያ ተደሰቱ። ጠቀመ፣ ኀደረ፣ ኀሠሠ እያሉ ወሮቹን ከነግሳቸው አወረዱ፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ የሚመዘዙት ከእነዚያ ነውና። ከዚያ ቁጥሩን አስተዋሉ። «21 አለ እንዴ? ነገ እኮ ሚካኤል ነው!» መነጽራቸውን አስተካክለው ደገሙት። «ይኼ መኪና ሚካኤልን ዘሎ ጽዮን ገባ።»

ነገሩን ፈትሼ አስረዳኋቸው። ማሽኑ የሚቆጥረው የፈረንጁን ኖቬምበር ነው፤ የግዕዙ መዝገብ ለዚያ ወር ኀደረ የሚል ስም ሰጥቶታል። የአማርኛው መዝገብ «ጃንዩወሪ» ብሎ እንዳለ ስለሚጽፈው ብዙ ሰው ይስቅበታል፤ እኔ ግን ሐቀኛው እሱ ነው እላለሁ። የሰው ወር ለብሶ የሚመጣ ወር ጾም ያስፈታል። ደግሞም መዝገቡ የተቆለፈ አይደለም፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል፣ ማንም ይህ ስሕተት ነው ብሎ ማረሚያ ይልካል። ይህን ያህል ዓመት ከእኛ መካከል ስንት ሰው ከፍቶ እንዳነበበው ስናስብ ግን ዝም እንላለን።

ላፕቶፗ ላይ ኢማክስም ነበረ። ኤድዋርድ ራይንጎልድ የተባለ የስሌት ምሁር የእኛን ዘመን አቆጣጠር አስገብቶበታል። ብጠይቀው ኅዳር 11 ቀን 2016 አለ፤ ትክክል። የወሩ ስም ግን በላቲን ሆሄ ነው።

የኔታ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። «እንግዲህ ይኸኛው ቀን ያውቃል፣ ፊደል አልቆጠረም። ያኛው ፊደል ቆጥሯል፣ ቀን አያውቅም። ለምን አታስታርቃቸውም?»

ዳንኤል ያዕቆብ ይህንኑ ለማስታረቅ በፐርል ቋንቋ የጻፈው ሥራ እንዳለ፣ ዴት ኢትዮፒክ እንደሚባል፣ ላወርደውም እንደምችል ነገርኳቸው። ማውረድ ጀመርኩ። ኔትወርኩ ግን የበዓል ዋዜማ ኔትወርክ ነበረ፤ ምልክቱ አሥር ጊዜ ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። የኔታ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ወረቀቱን ያለ ቀን አትምልኝ አሉኝና አተምኩላቸው። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከራስጌው በቀይ ቀለም ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም. ብለው ጻፉበት።