ድርና ማግ፤ የቤት ፈትል በኢትዮጵያ ታሪክ

ስለ ሸማኔ ብዙ ተጽፏል። ስለ ፋብሪካም ተጽፏል። ሸማኔው ከመቀመጡ በፊት ለወራት እንዝርት ስታሾር ስለ ከረመችው ሴት ግን የተጻፈው ከጥቂት መስመር አያልፍም። ይኸውም የሆነበት ምክንያት አይጠፋንም። ሸማኔው ገበያ ይወጣል፤ ግብር ይጠየቃል፤ በአዋጅ ይጠራል። ፈታዪቱ ከቤቷ ስለማትወጣ የጽሕፈት ቤት መዝገብ አያውቃትም። በዚህ አጭር ሐተታችን በቤት ውስጥ የሚሠራው የጥጥ ፈትል የውጭ አገር ጨርቅና ክር ከመጣ በኋላ እንዴት እንደ ቆየ፣ የትኛውን ክፍል እንደ ለቀቀና የትኛውን እንደ ያዘ ለመግለጽ እንሞክራለን። ስፌቱን፣ ሸክላውንና ቆዳውን ለሌላ ጊዜ ትተነዋል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ታሪኩ አይገባም። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ ፍሬው እንዲወጣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጣል። ከዚያም በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲመታው ጥጡ እንደ አረፋ ይነሣል። የተነደፈው ተጠቅልሎ ባዘቶ ይሆናል። ፈታዪቱ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንዝርቱን ታሾራለች፤ ክሩ እየተገመደ ይረዝማል፤ ክንዷ እስከ ቻለው ድረስ ስባ ስታበቃ በእንዝርቱ ላይ ታጠነጥነዋለች። ሲጠራቀም ልቃቂት ይባላል። ልጆች ሳለን ልቃቂቱን ኳስ አድርገን ስንጫወት የተቆጣን ሁሉ ቁጣው ከምን እንደ መጣ የገባን ዛሬ ነው፤ ከእግራችን ሥር ያንከባለልነው የስንት ቀን ሥራ ኖሯል።

ሸማ የሚሠራው በሁለት ዐይነት ክር ነው። በርዝመት የሚዘረጋው ድር፣ በመወርወሪያ አግድም የሚገባው ደግሞ ማግ ነው። የሁለቱ ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። ድሩ ተወጥሮ ስለሚውልና ማጉ በተጠቀጠቀ ቍጥር ስለሚፈተግ ቀጭን፣ የጠነከረና ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ክር ይፈልጋል። ማጉ ግን በቀሰም ላይ ተደውሮ ሳይወጠር ስለሚገባ ላላ ቢል፣ አንዳንድ ቦታም ወፈር ቢል አይጎዳም። እንዲያውም የጋቢ ሙቀትና ልስላሴ የሚመጣው ከዚሁ ላላ ካለው ማግ ነው። አንባቢያችን ይህን ልዩነት ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ የጽሑፋችን ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

ጥጥ በአካባቢያችን ጥንታዊ መሆኑ የታወቀ ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ከጠፋው ንብረት መካከል እህልና ጥጥ ተጠቅሰዋል። ይህ የአክሱም ሳይሆን የጠላቱ አገር ጥጥ ነው፤ ነገር ግን በአክሱም ከተደረጉት ቍፋሮዎችም የጥጥ ፍሬ ተገኝቷል። የውጭ አገር ጨርቅም ቢሆን እንግዳ አልነበረም። በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የግብፅን ልብስና የሕንድን የጥጥ ጨርቅ ይቈጥራል። እንግዲህ የአገር ፈትልና የባሕር ማዶ ጨርቅ ጎን ለጎን የኖሩት ትናንት አይደለም። ፋብሪካ መጣና የእጅ ሥራ ጠፋ የሚለው የተለመደ አነጋገር ከመነሻው ጥርጣሬ ላይ የሚጥለንም ስለዚህ ነው።

በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አድዋ የወፍራም ሸማ መሠሪያ እንደ ነበረችና ሸማውም በአገሩ ሁሉ በብር ገንዘብ ፋንታ ይዘዋወር እንደ ነበረ ጽፏል። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። ሸማ እንደ ገንዘብ ከሆነ ለሸማው ክር የምታቀርበው ቤት የገንዘብ ምንጭ ነበረች ማለት ነው። የቤት ሥራና የገበያ ሥራ ብለን የምንለያቸው ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ አንድ ናቸው። በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ የመጡ ተጓዦች ሌላም ነገር አስተውለዋል፤ ሸማኔዎች ለጥለት የሚሆን ቀለም ያለው ክር ሲያጡ ከሕንድ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ብቻ ወስደው እንደ ገና ይሠሩት ነበር። ተሠርቶ ያለቀውን የሰው አገር ጨርቅ ወደ ክርነት መልሶ ለራስ ልብስ ዳር ማድረግ! ከቍጠባ ሁሉ ይህን የመሰለ አላየንም።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ እንምጣ። መፍተልና መሸመን የአንድ ልብስ ሁለት እጆች ሆነው ሳለ ክብራቸው እኩል አልነበረም። ወይዘሮዎች ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበር፤ እንዝርትና ባዘቶ የያዘው ሙዳይ በባላባት ቤትም የሚታይ ዕቃ ነበር። መልካም ፈትል የምትፈትል ልጅ ባለሙያ ትባላለች፤ ለእናቷም ምስጋና ነው። ሸማኔው ግን በብዙ የሰሜን አውራጃዎች ይናቅ ነበር። ሥራውም ርስት ለመያዝ በማይፈቀድላቸው ወይም በሃይማኖት በተለዩ ሰዎች፣ ይኸውም በእስላሞችና በጎንደር አካባቢ በቤተ እስራኤሎች እጅ በብዛት ይገኝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1908 የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው መስደብን የከለከሉበት አዋጅ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳናል፤ የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልምና።

ለምን ይሆን? ክሩ ያው ክር ነው። አንዳንዶች ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ ነው ይላሉ። እኛ ግን ሌላም እናያለን። ሴቲቱ የምትፈትለው ለባሏ፣ ለልጆቿና ለራሷ ነው፤ ሸማኔው ግን ለማያውቀው ሰው በእጅ ዋጋ ይሠራል። መሬት ባለው ገበሬ ዐይን የሚያሳፍረው እጅን በሥራ ማድከም ሳይሆን በእጅ ሥራ ብቻ መተዳደር ነበር። ስለዚህ የፈታዪቱ ክብር የተጠበቀው ሥራዋ እንደ ሥራ ባለመቈጠሩ ነው። ክብሩን ያገኘችው ዋጋውን አጥታ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የውጭ ጨርቅ በብዛት መግባት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ሰፋ። አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ ጨርቅ በመጀመሪያ ከአሜሪካ በብዛት ይመጣ ነበር፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ወሰደ። የዚህን ዘመን የጉምሩክ ቍጥር ብቻ የተመለከተ ሰው የእንዝርት ዘመን አለፈ ብሎ ቢፈርድ አይገርምም። ነገር ግን አቡጀዲው ምን ሆነ? ሱሪ፣ እጀ ጠባብ፣ ድንኳንና ከረጢት ሆነ። ተቈርጦ የሚሰፋውን ልብስ ያዘ። የሚጣፋውንና የሚደረበውን፣ ማለት ነጠላውን፣ ባለ ሁለት እጥፉን ኩታና ባለ አራት እጥፉን ጋቢ ግን አልነካም። በደጋ ሌሊት ጋቢን የሚተካ ጨርቅ በመርከብ አልመጣም።

ጨርቁ ያላደረገውን ክሩ አደረገው፤ ያውም በከፊል። በፋብሪካ የተፈተለ ክር፣ ይልቁንም የሕንድ ክር፣ ወደ ገበያ ሲገባ ሸማኔውና ባለቤቷ አንድ ነገር ተገነዘቡ። ለድር የሚሆን ቀጭንና ጠንካራ ክር በእንዝርት መፍተል ከሁሉ የሚያደክመውና ጊዜ የሚፈጀው ሥራ ነው፤ የፋብሪካው ክር ደግሞ እኩልና ጠንካራ በመሆኑ ለድር የተመቸ ነው፤ ሸማኔውንም በየጊዜው እየተበጠሰ አያስቸግረውም። ለማግ ግን የፋብሪካው ክር ከእጁ ፈትል አይበልጥም፤ ልብሱን ያቀጥነዋል፤ ሙቀቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ድሩ ቀስ በቀስ ከገበያ ይገዛ ጀመር፤ ማጉ ከቤት ቀረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን የምንተርትበት ድር ከቤታችን አስቀድሞ የወጣው መሆኑን ስናስብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ይህን አከፋፈል ማንም አላወጀውም፤ ማንም በጉባኤ አልመከረበትም። በየቤቱ በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረገ ስሌት ነው። ስሌቱም እንዲህ ይመስለናል፤ ገንዘብ የሚወጣው የቤት እጅ ከፋብሪካ ጋር መወዳደር በማይችልበት ላይ ብቻ ነው፤ በሚችልበት ላይ ግን ገንዘቡ ከመቀነት አይፈታም። እንግዲህ የእናቶቻችንን እንዝርት የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ያዩት ይመስለናል። ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድኻው ሁሉ በርካሹ አቡጀዲ በተጠቀለለ፣ ባለጠጋውም የእጅ ፈትሉን በጣለ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቀጭን የእጅ ፈትል ለብሶ ቤተ ክርስቲያንና ሰርግ መሄድ የባለጠጋ ምልክት ሆኖ ኖረ።

ቍጠባው በሸማው መሠራት አያበቃም። የተረፈው ክር በሰም ተነክሮ ጧፍ ይሆናል። ጋቢው ሲያረጅ ደኅናው ወገን ተቈርጦ ለሕፃን መጠቅለያ ይውላል። ነጠላው ሲሳሳ ጠጅ ማጥለያ፣ ከዚያም መወልወያ ነው። ነጭ ጋዝ ወደ አገር ከገባ በኋላ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሳ የሚሠራው ኩራዝ የሚነደው በዚያው በአሮጌው ሸማ ቍራጭ ነው። አንድ ልብስ ከባዘቶ እስከ ኩራዝ ክር ድረስ ያለውን ዕድሜ ለመቍጠር የሞከረ ተመራማሪ መኖሩን አናውቅም፤ ቢሞከር ግን የቤተሰብን ወጪና ገቢ ከደመወዝ መዝገብ ይልቅ የሚገልጽ ይመስለናል።

ነገር ግን ቍጠባውን ስናመሰግን አንድ ነገር መሸፈን የለብንም። ስሌቱ የሚሠራው የሴቲቱን ጊዜ በባዶ ከቈጠርነው ብቻ ነው። ከወፍጮውና ከውሃው፣ ከማጀቱና ከልጁ የተረፈው ሰዓት ሁሉ ወደ እንዝርቱ ይገባ ነበር፤ ቡና እየጠጡ መፍተል፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ መፍተል። አንድ ጋቢ ወራት የሚፈጀውም ስለዚህ ነው። ቤቱ ያተረፈው ገንዘብ ከእርሷ ዕረፍት የተቀነሰ ነው፤ ይህም በየትኛውም ሒሳብ ላይ አልተጻፈም።

የኋለኛውን ታሪክ ባጭሩ እናልፋለን። በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ አቃቂ፣ በ1961 ደግሞ ከጣልያን በተገኘው የጦር ካሣ ባሕር ዳር ተከተሉ። በ1960ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ፋብሪካዎቹ በ1975 በመንግሥት ተወረሱ። ከዚህ ሁሉ የተነሣ ድሩ ከሕንድ ክር ወደ አገር ክር ተለወጠ እንጂ የድርና የማግ አከፋፈል አልተለወጠም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎችም ሽሮ ሜዳ አጠገብ ሲሰፍሩ የሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

አከፋፈሉን የለወጠው ፋብሪካ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው ብንል የሚቃወመን ይኖር ይሆናል። ሆኖም ልጃገረዷ ደብተር ይዛ ስትወጣ፣ እናቷም በከተማ ደመወዝ ስትይዝ በባዶ ይቈጠር የነበረው ሰዓት ዋጋ አገኘ፤ ዋጋ ያገኘ ሰዓት ደግሞ ለእንዝርት አይበቃም። ስለዚህ መፍተል ከእያንዳንዱ ቤት ወጥቶ ለሽያጭ ወደሚፈትሉ ሴቶች ሄደ። የልቃቂት ዋጋ ሲወደድም በማጉ ቦታ የፋብሪካና ሰው ሠራሽ ክር ይገባ ጀመር። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው ከእጅ ሥራው ጎን በማተሚያ ጥለት የታተመበት ከውጭ የመጣ ቀሚስ ተሰቅሎ ያያል። ሻጩ የእጅ ሥራውን ሲያሳይ «ፈትል ነው» ይላል፤ ገዢዋም ማጉን በጣቷ አሽታ ታምናለች ወይም ትጠራጠራለች። ድሩ ግን ከየት እንደ መጣ ሻጩም አይናገር፣ ገዢዋም አትጠይቅ።